በበጋ የወጣ ደንብ

ያኔ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ቁረይሻ ነው፤ ከድንበሩ ወዲህ፣ በሱዳን በኩል፣ ሰሊጥና ማሽላ በሚዘራበት ጥቁር መሬት ላይ። ትምህርት ቤት የሚባል ደጁን አልረገጥሁም። ፊደል ያስቆጠረኝ ለአረም ሥራ መጥቶ እኛ ዘንድ የከረመ አንድ ዲያቆን ነው፤ ማታ ማታ በእንጨት መሬት ላይ እየጻፈ። እሱ ወደ አገሩ ሲመለስ እኔ ፊደሉን ይዤ ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ፤ የሳሙና መጠቅለያ እንኳ አያመልጠኝም። ስለዚህ ነው የእድራችን አንባቢ የሆንኩት። የቁረይሻ እድር ዳኛ አባቴ ዘለቀ ነበር። አባቴ ደግሞ ማንበብ አይችልም። እሱ ይፈርዳል፣ እኔ አነባለሁ።

ስለ እድሩ ትንሽ ካልነገርኋችሁ የቀረው አይገባችሁምና ታገሱኝ።

እኛ አበሾች በገዳሪፍ፣ በፋው፣ በመፋዛና በቁረይሻ ለየብቻ እድር ነበረን። አንድ ችግር ግን አራታችንንም ያስለቅሰን ነበር፤ ኸሪፍ። እዚህ ክረምቱን ኸሪፍ ነው የምንለው። ኸሪፍ ሲገባ ያ ጥቁር መሬት እንደ ሙጫ ይሆናል። መኪና አይሄድም፣ አህያ ይሰምጣል። ሰው ከሞተ ገዳሪፍ ካለው የክርስቲያን መቃብር የሚያደርሰው ትራክተር ብቻ ነው። ስለዚህ አራቱ እድሮች ተማከሩና አንድ አሮጌ ትራክተር ከነተሳቢው ገዙ። ትራክተሩ አንድ ሲሆን እድሩም አንድ መሆን ነበረበት።

መተዳደሪያውን የጻፈው የገዳሪፉ አያ መኮንን ነው። አገር ቤት ሳለ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበርና ነገሩን እንደ ሕገ መንግሥት አድርጎ አበጀው። መሐሉ ኮሚቴ፣ እሱው ሊቀመንበር ሆኖ፣ ገዳሪፍ ይቀመጣል። ለመሐሉ ተለይቶ ያልተሰጠ ሥልጣን ሁሉ የቅርንጫፎቹ ነው። ከአራቱ ቅርንጫፎች ሦስቱ ካልተስማሙ ደግሞ አንዲት ቃል አትሻሻልም። ሰው ሁሉ ስቆ ገዳሪፎችን «ፌዴራል» አላቸው፤ እኛም «ክልል» ተባልን። የፋው ሰዎች ሊቀመንበሩን ሲያዩት «ፌዴራል መጣ፣ ተደበቁ!» ይሉ ነበር።

ታዲያ አንድ ዓመት፣ በአጨዳ መጨረሻ፣ ትራክተሩ በተራው እኛ ዘንድ ሳለ አባቴ ለአንድ ነጋዴ ሰሊጥ እንዲያመላልስ ፈቀደ። ክፋት አስቦ አይደለም፤ ነጋዴው ለብዙ ልጆቻችን ሥራ የሚሰጥ ሰው ነበርና ይሉኝታ ያዘው። በዚያው ቀን መፋዛ ላይ ደሴ የሚባል ሰው ሞተ። ትራክተሩ ሰሊጥ ጭኖ በረሃ ላይ ነው፤ የሚከራይ መኪናም በዚያ የአጨዳ ሰሞን አልተገኘም። ሬሳው በዚያ ሙቀት ውሎ አደረ። ምን ልበላችሁ፤ ሴቶቹ ቅጠል እየነሰነሱ፣ ወንዶቹ ፊታቸውን እያዞሩ አደሩ አሉ። የደሴ ታላቅ ወንድም ታረቀኝ ደግሞ እኛው ሰፈር፣ ከአባቴ ቤት አጥር ለአጥር የሚኖር ሰው ነው። ከቀብር ሲመለስ አባቴን አልሰደበውም። ሰላምታ ብቻ ነሳው። አባቴን ከስድብ በላይ የጎዳው ይህ ነው።

በጋው ላይ ጉባኤ ገዳሪፍ ሲደረግ አባቴ ሳይጠየቅ ተነሣ።

«ትራክተሩ በኔ እጅ ሳለ ነው ያፈርነው» አለ። «ስለዚህ ከቅርንጫፍ እጅ ይውጣ። ያለ መሐሉ ኮሚቴ ቃል በማናቸውም ምክንያት እንዳይንቀሳቀስ ደንቡ ይሻሻል። መሪው በሰንሰለት ይታሰር፣ ሁለት ቁልፍ ይደረግበት። አንዱን የቅርንጫፉ ዳኛ፣ አንዱን የመሐሉ ወኪል ይያዝ።»

አያ መኮንን መነጽሩን አወለቀ። «በማናቸውም ምክንያት? ለበሽተኛስ? ለወላድስ?»

«ስልክ አለ፤ ይደወላል። ቀዳዳ ከተውንለት፣ አያ መኮንን፣ ሰሊጥም በዚያው ያልፋል።»

ጉባኤው አጨበጨበ። አራቱም ቅርንጫፎች እጅ አወጡ። ማሻሻያውን ቆሜ ያነበብሁት እኔ ነኝ። ለቁረይሻ የመሐሉ ወኪል ሆኖ የተመረጠው ደግሞ ታረቀኝ ነበር። ያን ቀን አባቴን እጁን ያዘው። ወደ ቤት ስንመለስ አብረው ሄዱ። በመንገድ አንድ ሱቅ ውሃ ልንገዛ ብንቆም ራዲዮኑ የሱዳን ሕገ መንግሥት መሻሻሉን ያወራል፤ ዋሊዎቹ፣ ማለት የየክልሉ ገዥዎች፣ ከእንግዲህ በሕዝብ መመረጣቸው ቀርቶ ከካርቱም ይሾማሉ ይላል። ባለሱቁ አንገቱን ነቀነቀ። ታረቀኝ ግን ሳቀና፣ «ዘለቀ፣ ሰማህ? ካርቱምም ካንተ ተማረች» አለው። ከደሴ ሞት ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

በሉ እንግዲህ ወደ ነገሬ ልግባ።

ኸሪፉ መሐል ላይ ታላቅ እህቴ እናንዬ ምጥ ያዛት። የበኩር ልጇ ነው። ባሏ ሩቅ እርሻ ላይ ለአረም ወጥቷል። ሲነጋጋ ዳያዋ፣ የሱዳኖቹ አዋላጅ ሐጃ ፈትሒያ፣ ከጎጆው ወጥታ እጇን በልብሷ እየጠረገች አባቴን ጠራችው። ዐረብኛዋ ሲቸኩል የሚፈስ ነውና እኔ ነበርሁ የምተረጉመው።

«ልጁ ተጋድሟል ትላለች። እሷ አታዋልደውም። መስተሽፋ፣ ሆስፒታል፣ ገዳሪፍ፣ አሁኑኑ።»

«ብንጠብቅስ?»

ሐጃ አባቴን አየችውና ትርጉም ሳትጠብቅ መለሰች። ሞት የሚለውን ቃሏን መተርጎም አላስፈለገኝም።

አባቴ ስልኩን ይዞ ወደ ውኃው ማማ ሮጠ፤ ኔትወርክ የሚገኘው እዚያ ላይ ነበር። ሌሊቱን ግን ዝናብና ነፋስ ሲያናውጠን አድሯል። ከላይ ሆኖ ስልኩን ወደ ሰማይ ሲያነሣ፣ ሲያወርድ፣ ሲዞር እናየዋለን። ወረደ። ባትሪውን አውጥቶ መለሰና እንደገና ወጣ። የጎረቤት ስልክ ተዋሰ። ሁሉም እንደ ድንጋይ ዝም አለ።

ትራክተሩ ተራው የኛ ሆኖ ዳሱ ሥር ቆሟል። ሹፌሩ አያ ሰይድ፣ የጎንደር እስላም፣ ቀልደኛ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ጎማው ላይ ተደግፎ መሬት መሬት ያያል። አባቴ ደርሶ የራሱን ቁልፍ ከፈተ። ሁለተኛው ቁልፍ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ታረቀኝ ከቤቱ ወጥቶ መጣ። ወሬው ደርሶታል፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«መሐሉ ምን አለ?»

«ስልኩ ሞቷል፣ ታረቀኝ።»

«እንግዲያ ቃል የለም።»

«ልጄ ናት።»

«አውቃለሁ ልጅህ መሆኗን!» ጮኸ፤ ወዲያው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አውቃለሁ። በጉልበቴ ላይ ነው ያደገችው። ግን ዘለቀ፣ ይህን ደንብ ከማን አፍ ሰማሁት? አንተ አይደለህም? ደሴ እዚያ ሲሸት እኮ የሰሊጡ ባለቤትም ምክንያት ነበረው። ምክንያት የሌለው ማን አለ?» ወደ እኔ ዞረ። «ብርቄ፣ አምጭው። አንብቢልን። ምናልባት ቀዳዳ ይኖረው ይሆናል።»

እናንተዬ፣ ሰውየው ቀዳዳ እየፈለገ ነበር። ፊቱ ላይ አየሁት። ሮጬ መተዳደሪያውን አመጣሁ። ከላይ ጀምሬ አነበብሁ። ለመሐሉ ያልተሰጠው ሥልጣን የቅርንጫፉ ነው የሚለውን ሳነብ ታረቀኝ ቀና አለ። ማሻሻያው ላይ ስደርስ ግን ያው ነው፤ «በማናቸውም ምክንያት።» ሰጥተነዋል። የኛ የነበረውን በገዛ እጃችን፣ አጨብጭበን ሰጥተነዋል። አቆምሁ። ከጎጆው የእናንዬ ድምፅ ተሰማ።

አባቴ የተንጠለጠለውን ቁልፍ በእጁ ያዘ። ከዚያ «በበጋ ነው ያወጣነው» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር። «መንገዱ ደረቅ፣ ስልኩ ደህና፣ ሆዳችን በንዴት የተሞላ። ኸሪፍን ማን አሰበው?»

ታረቀኝ እጁን ኪሱ ከተተ። ቁልፉን ሊያወጣ ነበር። አባቴ ክንዱን ያዘው።

«ተው። አንተ ከከፈትህ መሐሉ ያመነህን ከዳህ፤ ደሴንም ከዳኸው። ዕድሜ ልክህን ይበላሃል። እኔ እሰብረዋለሁ። ጥፋቱ የአንድ ሰው ይሁን።»

«ዘለቀ …»

«አንተ ቆመህ እይ። ስትጠየቅ ያየኸውን ተናገር።»

መጥረቢያ ተቀበለና ቁልፉን በመጥረቢያው ጀርባ ደበደበው። ቁልፉ ጠንካራ ነበር፤ ራሱ አባቴ ነው ከሱቅ መርጦ ያስገዛው። አያ ሰይድ አላስቻለውም፤ «አይ አያ ዘለቀ፣ ምነው ርካሹን ባስገዛህ!» አለ። ማንም አልሳቀም፤ ግን ሁላችንም ተነፈስን። ቁልፉ ተሰበረ።

እናንዬን በአልጋ ተሸክመን ተሳቢው ላይ አወጣናት። ሐጃ ከጎኗ፣ እኔ ከራስጌዋ። «ያላ!» አለች ሐጃ። ትራክተሩ ሲነሣ ታረቀኝ ሸራ ጠቅልሎ ሮጦ ተሳቢው ላይ ዘለለ።

«አንተ ደግሞ ወዴት?» አለው አባቴ።

«የመሐሉ ንብረት ያለ ፈቃድ ሲሄድ ወኪሉ ዝም ብሎ ይቀመጣል? ምስክር ነኝ።»

ሸራውን ዘርግቶ ከእናንዬ በላይ በሁለት እጁ ወጥሮ ያዘው። ዝናቡ በጀርባው ይወርዳል። እንዲያ ሆኖ ነው የሄደው።

መንገዱን አልነግራችሁም፤ መንገድ አልነበረም። ትራክተሩ ይንሸራተታል፣ ጭቃው ጎማውን አንቆ ይይዛል፣ አያ ሰይድ ወደኋላ መልሶ እንደገና ይገፋል። ፀሐይ ከደመናው በላይ ከፍ ስትል ኾሩ ዘንድ ደረስን። ኾር ማለት በበጋ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ያን ቀን ግን ግንድ እየተሸከመ የሚሮጥ ቀይ ውኃ ነበር።

አያ ሰይድ ሞተሩን አጠፋ። «እኔ ቢስሚላህ ብዬ እገባለሁ፤ ተሳቢው ግን ይንሳፈፋል። ልጅቱን ነው የሚወስዳት።»

ታረቀኝ ሸራውን ለእኔ ሰጠኝ። ገመድ ወገቡ ላይ አሰረና ጫፉን ለአባቴ ወረወረለት። አባቴ ገመዱን እንደያዘ ትንሽ ተያዩ። ታረቀኝ ገባ። ውኃው እስከ ጉልበቱ፣ እስከ ወገቡ፣ እስከ ደረቱ ደረሰ። አንድ ግንድ መጥቶ ገፋውና ራሱ ጠፋ። አባቴ ወደኋላ ወድቆ ገመዱን ሳበ፤ እኔ ጮኽሁ። ብቅ አለ፣ ጭቃ እየተፋ። ተመልሶ ወጣና እንጨት ከውኃው ጠርዝ ላይ ተከለ።

«ላይ አገር ዝናቡ ካቆመ ይጎድላል። እንጨቱን እንይ።»

እንግዲህ ጠበቅን። ጠበቅን ስል ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁት የምትወዱት ሰው ከጎናችሁ እያቃሰተ አንዲት እንጨት ስታዩ ነው። ውኃው እንጨቱን አለፈው። አባቴ ፊቱን አዞረ። ሐጃ የቁርኣን ሱራዎቿን ትደግማለች፤ እኔ ማርያምን እጠራለሁ። እናንዬ ዓይኗን ከፈተች፤ ከላይዋ እንደገና ሸራ ወጥሮ የቆመውን ታረቀኝን አየችው።

«አያ ታረቀኝ» አለችው በተቆራረጠ ድምፅ፣ «ብሞትስ … ለመቅበሪያውም ፈቃድ ይጠየቅልኛል?»

«ዝም በይ አንች!» አላት። ከዚያ ታረቀኝ አፉ ተጣመመና አለቀሰ። ሁለት እጁ ሸራ ይዞ ስለነበር እንባውን የሚጠርግበት አልነበረውም። እኔ በነጠላዬ ጠረግሁለት።

እንጨቱን መጀመሪያ ያየው አያ ሰይድ ነው። «ጎደለ!» አለ። የእንጨቱ ሥር ጭቃ ለብሶ ብቅ ብሎ ነበር። እንደገና ጠበቅን፤ እንደገና ጎደለ። ከዚያ ታረቀኝ ከፊት በገመድ፣ አባቴ ከጎን ተሳቢውን ይዞ፣ አያ ሰይድ ጥርሱን ነክሶ ተሻገርን። ውኃው ወለሉ ላይ ሲገባ እናንዬን በእቅፋችን ከፍ አድርገን ያዝናት።

ገዳሪፍ መስተሽፋ ስንደርስ ቀኑ አዘቅዝቆ ነበር። ወዲያው አስገቧት፤ በቀዶ ሕክምና ነው ያዋለዷት። አባቴና ታረቀኝ፣ ሁለቱም ከነጭቃቸው፣ በረንዳው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ነርሷ ወጥታ «ቢንት!» ስትል፣ ሴት ናት ስትል፣ አባቴ «እናትየዋስ?» አለ። «ደህና ናት» አለች። ታረቀኝ ተነሥቶ ሄደ። ወዴት እንደሄደ ኋላ አወቅን፤ አያ መኮንን ቤት ሄዶ የመሐሉ ቁልፍ መሰበሩን አመለከተ። ያየውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ተናገረ።

ኸሪፉ ሲወጣ ጉባኤ ተጠራ። አባቴ ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ ገባ፤ በአገራችን ይቅርታ ሲጠየቅ እንደሚደረገው። ሰው ሁሉ ተነሣ። «አውርድ፣ አያ ዘለቀ! ልጅህን ነው ያዳንህ!» ይላሉ። እሱ አላወረደም።

ከዚያ ጉባኤው ታመሰ። የፋው ሰው ተነሣና «ፌዴራሉ ይፍረስ! እያንዳንዱ በየራሱ!» አለ። አንዱ «ትራክተሩንስ?» ሲለው፣ «ለአራት እንካፈለው፤ ለፋው ጎማው ይበቃል!» አለና ሳቁ። አያ መኮንን ግን አልሳቀም። «መሐሉ ሥልጣን ከሌለው ሌላ ደሴ ይሸታል» አለ። የገዳሪፍ ሰዎችም ደንቡ እንዳለ ይቆይ አሉ።

አባቴ ከነድንጋዩ ተናገረ። «እኔ አምና ሁሉን ሰጠሁ፤ ዛሬ ሁሉን እንቀማ አልልም። ሥልጣን ስንሰጥ ከነገደቡ እንስጥ። የሞተ ሰውና ጭነት ሲሆን መሐሉ ይወስን። ነፍስ ያለው ሰው ሲሆን ግን ቅርንጫፉ ይወስን፤ መሐሉ ከኋላ ይጠይቅ እንጅ ከፊት አይከልክል። የዋሸ ቅርንጫፍ ከተገኘ በጉባኤ ፊት ይጠየቅ።»

ቁረይሻ እጅ አወጣ። ፋውም አወጣ። ገዳሪፍ አላወጣም። ሦስት ካልሞላ አይሻሻልም፤ የቀረው መፋዛ ነው። የመፋዛ ሰዎች ደሴን ያስባሉ፤ ቅጠል የነሰነሱት እነሱ ናቸው። አንገታቸውን ደፉ። ያኔ ታረቀኝ ተነሣ።

«ወንድሜን የቀበራችሁልኝ እናንተ ናችሁ» አላቸው። «ደንቡን የወደድሁት ለደሴ ብዬ ነው። ኾሩ ዳር ግን ደሴ ቢኖር ምን ይል ነበር ብዬ አሰብሁ። ‹ሸራውን ያዝ!› ነበር የሚለኝ።»

የመፋዛው ዳኛ፣ ሽማግሌ ሰው፣ እጁን ቀስ ብሎ አነሣ። ከኋላው ሁሉም አነሡ። አዲሱን ማሻሻያ ያነበብሁት ያው እኔ ነኝ።

አያ መኮንን «እንግዲህ ዘለቀ፣ ድንጋይህን አውርድ፤ ደንቡ ተሻሽሏል፣ ቅጣትም የለብህም» አለ። አባቴ ግን «ዛሬ የወጣ ደንብ የኸሪፉን ሰው አያድነውም። እኔ ቁልፉን ስሰብር የነበረው ያኛው ነው» አለ። ቁልፍ የሰበረ ከዳኝነት ይወርዳል፣ እስከሚቀጥለው ጉባኤም ከጎረምሶቹ ጋር መቃብር ይቆፍራል ይላል ደንቡ። ይህንንም ያስጻፈው እሱ ነው።

አንባቢዎቼ፣ እኔ የመንግሥት ነገር አዋቂ አይደለሁም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ በራዲዮ የዚህ አገር ወይ የዚያ አገር ሕገ መንግሥት ሊሻሻል ነው ሲሉ ስሰማ ጆሮዬን አቆማለሁ። ድሮ የትልልቅ ሰዎች ወሬ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን እጠይቃለሁ፤ ለመሐሉ ምን ሰጡት? ምን አስቀሩበት? ሲያወጡት በጋ ነበር? ተናደው ነበር? ኸሪፍ ሲመጣ ሰንሰለቱ የተንጠለጠለው በማን ቤት በር ነው? እናንተም እጅ ከማውጣታችሁ በፊት ይህን ብትጠይቁ ደስ ይለኛል። መሐል የሌለው ቤት ይፈርሳል፤ መሐሉ ሁሉን የያዘ ቤት ደግሞ ሰው አያስወጣም። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ከዚያች እንጨት ነው ያገኘሁት።

ልጅቷ ዛሬ ትከሻዬ ደርሳለች፤ ዐረብኛና አማርኛ እየቀላቀለች ታሾፍብናለች። ክርስትና ያነሣቻት የታረቀኝ ሚስት ናት፤ እኛም አበልጆች ሆነናል።

አባቴ ቅጣቱን ፈጸመ። ሰው በሞተ ቁጥር ወገቡን እየያዘም ቢሆን ገዳሪፍ ሄዶ ከጎረምሶቹ ጋር ቆፈረ። የመጨረሻው ቀን ላይ አካፋውን አጥቦ ለእድሩ መለሰ። ከዚያ ወደ ደሴ መቃብር ሄደና ዳር ዳሩን በእጁ አረመው፤ ወደ ቁረይሻም ተመለሰ። ለማንም አልተናገረም። ያየው ታረቀኝ ነው የነገረን።